ኦሎምፒያ ላይ ስለ ትራንስፖርት ሕግ ሲመከር ድምፅዎን እንዴት ያሰማሉ? በዋሽንግተን ስቴት ለሚኖሩ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከሲያትል እስከ ኬንት ባለው አካባቢ ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በአንድ ማይል ቢያንስ ስንት ሊከፈላቸው እንደሚገባ፣ መተግበሪያው ድንገት ቢዘጋባቸው ለማን አቤት እንደሚሉ፣ በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ ስንት ሳንቲም ቀረጥ እንደሚከፍሉ የሚወሰነው ኦሎምፒያ በሚገኘው፣ የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት በተባሉ ሁለት ምክር ቤቶች በተከፈለው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። እዚያም ቢሆን የጉዳዩ ዋና ክፍል የሚያልቀው ትልቁ የጉባኤ አዳራሽ ከመድረሱ በፊት፣ ጥቂት እንደራሴዎች በሚሰየሙበት የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። የሕግ ረቂቁ አዳራሽ ሲገባ ቅርጹን ይዟል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ማስለወጥ ዳገት ነው።

ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም፤ ጠበቃ መሆንም አያስፈልግም። ሳይከፈለው በሕዝብ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ሐሳቡን የሚሰጥ ሰው እንደ ቅጥር ጉዳይ አስፈጻሚ (ሎቢስት) መመዝገብ የለበትም። የሚያስፈልገው ቀኑን ማወቅ ነው። በእኔ ግምት ከማኅበረሰባችን የሚነሱ ጥሩ ጥሩ ጥያቄዎች ሰሚ የሚያጡት በአብዛኛው ዘግይተው ስለሚደርሱ ነው፤ ስለዚህ ለቀን ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቻለሁ።

በመጀመሪያ፦ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ይለዩ

አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት ትክክለኛውን በር ያግኙ። የሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋና የመኪና መቆሚያ ጉዳይ የሚመለከተው የሲያትል ወደብ ኮሚሽነሮችን ነው። የአውቶቡስ መስመር ከተቀየረብዎ ኪንግ ካውንቲ ሜትሮ ዘንድ ይሂዱ። የሰፈርዎ መንገድ ጉድጓድ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ጣጣ ነው። የስቴቱ ምክር ቤት የሚይዘው አውራ ጎዳናዎችን፣ ጀልባዎችን፣ የነዳጅ ቀረጥን፣ መንጃ ፈቃድን፣ የመኪና ምዝገባ ክፍያንና ስቴቱን በሙሉ የሚመለከቱ የአሽከርካሪ መብቶችን ነው።

በምክር ቤቱ ውስጥም ሌላ ልየታ አለ። የትራንስፖርት ነገር ሁሉ ትራንስፖርት ኮሚቴ ይገባል ብሎ ማሰብ ያሳስታል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2022 የወጣው የመተግበሪያ አሽከርካሪዎች ሕግ፣ ማለትም የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ ቁጥር 2076 ነው። የሲያትል ተወካይ ሊዝ ቤሪ ያቀረቡት ይህ ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት መጀመሪያ የታየው በሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ ነበር፤ ምክንያቱም ጭብጡ ክፍያና የሥራ መብት ነው። የትራንስፖርት ኮሚቴውን መርሐ ግብር ብቻ ሲከታተል የከረመ ሰው የመጀመሪያውን ስብሰባ ሳያየው ያልፈው ነበር። ስለዚህ ይከታተሉ የሚባለው የረቂቁን ቁጥር ነው። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ሲያስገቡ የትኛው ኮሚቴ ዘንድ እንዳለና መቼ እንደሚታይ ይመጣልዎታል። ከ1000 ጀምሮ ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት፣ ከ5000 ጀምሮ ያሉት የሴኔቱ ረቂቆች ናቸው።

ያንን ሕግ ገዥው ጄይ ኢንስሊ መጋቢት መጨረሻ 2022 ፈረሙት። በሕጉ የተጻፈው መነሻ ክፍያ ለሲያትል በማይል 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም፣ በደቂቃ 59 ሳንቲም ነበር፤ ከሲያትል ውጭ ደግሞ በማይል 1 ዶላር ከ17 ሳንቲም፣ በደቂቃ 34 ሳንቲም። ተሳፋሪ ይዘው በሚጓዙበት በየ40 ሰዓቱ የአንድ ሰዓት የሕመም ዕረፍት ከነክፍያው ተፈቀደ። በምላሹ ከተሞችና ካውንቲዎች በጉዳዩ ላይ የየራሳቸውን አዲስ ደንብ እንዳያወጡ ተከለከሉ። የመጨረሻውን አንቀጽ ያስተዋሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ዛሬ አንድ ከተማ ምክር ቤት ሄደው ከፍ ያለ ክፍያ ቢጠይቁ ወደ ኦሎምፒያ የሚመልስዎ እሱ ነው።

የቀን መቁጠሪያውን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ

የዋሽንግተን ምክር ቤት ዓመቱን ሙሉ አይሰበሰብም። የሚከፈተው በጥር፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ፣ ሁለተኛ ሰኞ ነው። ለእኛ ማስታወሻው ቀላል ነው፦ ሁልጊዜ በገናና በጥምቀት መካከል ይውላል። በፈረንጆች አቆጣጠር ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ስብሰባው 105 ቀን፣ ሙሉ ቁጥር ባለው ዓመት 60 ቀን ይቆያል። በ2027 ለምሳሌ ጃንዋሪ 11 ተከፍቶ በመደበኛው ጊዜ የሚያበቃው ኤፕሪል 25፣ በሆሳዕና ዕለት ነው።

አንድ መቶ አምስት ቀን ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በመሃሉ ረቂቆችን የሚያጣሩ የመጨረሻ ቀኖች አሉ። የ2025ን እንደ ምሳሌ እንይ። ስብሰባው ጃንዋሪ 13 ተከፈተ። የየዘርፉ ኮሚቴዎች በራሳቸው ምክር ቤት የተነሱትን ረቂቆች አይተው መጨረስ የነበረባቸው እስከ ፌብሩዋሪ 21 ነበር። ገንዘብ የሚነኩ ኮሚቴዎች እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቆይተዋል። ከዚያ ማርች 12 ላይ ረቂቁ ከተወለደበት ምክር ቤት መውጣት ነበረበት፤ ያልወጣው እዚያው ቀረ። ያለፈው ደግሞ በሌላኛው ምክር ቤት ይህንኑ መንገድ በአጠረ ጊዜ እንደገና ይጀምራል።

እዚህ ላይ ለትራንስፖርት ተከታታዮች የምትጠቅም አንድ ነገር አለች። የሁለቱም ምክር ቤቶች የትራንስፖርት ኮሚቴዎች የትራንስፖርቱን በጀት ስለሚሠሩ ከገንዘብ ኮሚቴዎች ጋር ይቆጠራሉ። በመሆኑም የእነሱ የመጨረሻ ቀን ከሌሎቹ ዘግየት ይላል። በ2025 ልዩነቱ አንድ ሳምንት ነበር። ለበጀቱ ማስፈጸሚያ የግድ ያስፈልጋሉ የተባሉ ረቂቆች ደግሞ ከገደቡ ነፃ ይደረጋሉ፤ ሞተ የተባለ የቀረጥ ረቂቅ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ብቅ ብሎ ሰው የሚያስደነግጠው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ያላለፈ ረቂቅ በሚቀጥለው ዓመት አጭር ስብሰባ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሙሉ ቁጥር ባለው ዓመት የወደቀ ግን አብቅቶለታል፤ በአዲስ ቁጥር መጀመር አለበት። አዲስ ረቂቆችን እንደራሴዎች ከዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ አስቀድመው ማስመዝገብ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራዎ የሚጀምረው በኅዳር፣ ሰዎቹ ገና ጊዜ ሳላቸው ነው።

ረቂቁን እንዴት ያነባሉ?

የረቂቅ ሕግ ጽሑፍ መጀመሪያ ሲያዩት ያስፈራል፤ ግን አነባበብ አለው። ከሥሩ የተሰመረበት ቃል አዲስ የሚገባ ነው። በድርብ ቅንፍ ውስጥ ተከቶ የተሰረዘው ከነባሩ ሕግ የሚወጣ ነው። ያልተነካው እንዳለ የሚቀጥል ነው። ሙሉ በሙሉ አዲስ የሆነ ክፍል ደግሞ «አዲስ ክፍል» የሚል ርዕስ ስላለው አይሰመርበትም። በዚህ መንገድ ሃያ ገጽ ረቂቅ ይዘው የተሰመረበትንና የተሰረዘውን ብቻ ቢከታተሉ፣ ትክክለኛው ለውጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ገጽ ላይ ሰብሰብ ብሎ ያገኙታል።

ከረቂቁ ጋር ሁለት ወረቀቶችን ይፈልጉ። አንዱ የኮሚቴው ባለሙያዎች በቀላል ቋንቋ የሚያዘጋጁት ማብራሪያ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ ማን ምን ብሎ እንደደገፈና እንደተቃወመም በአጭሩ ይጨመርበታል። ሁለተኛው የወጪ ግምቱ ነው። ረቂቅዎ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

ከቁጥሩ በፊት የሚጨመሩትን ፊደሎችም ልብ ይበሉ፤ ጽሑፉ መተካቱን ወይም መሻሻሉን ይነግራሉ። በተተካ ረቂቅ ላይ የድሮውን ጽሑፍ ይዞ መናገር ያሳፍራል፤ ሰብሳቢው «ይህ አንቀጽ ወጥቷል» ሲሉዎት የቀረው ጊዜ በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ በስብሰባው ዋዜማ ማታ ድረ ገጹን እንደገና ይክፈቱት።

ስለ ገንዘብ ከተነሳ፣ በጥያቄ ላይ ጥያቄ ከመደራረብ በፊት የሚከተለውን ይወቁ። በ1944 በጸደቀው 18ኛው የስቴቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምክንያት በዋሽንግተን ከነዳጅ ቀረጥ የሚገኘው ገቢ ለአውራ ጎዳና ሥራ ብቻ ይውላል፤ ጀልባዎችም በዚያ ውስጥ ይገባሉ። በ2025 ምክር ቤቱ ቀረጡን በጋሎን ከ49.4 ወደ 55.4 ሳንቲም ከፍ ሲያደርግ «ይህ ገንዘብ ለአውቶቡስ ይሁን» ብሎ መከራከር በሕገ መንግሥት የተዘጋ በር ማንኳኳት ነበር። ለአውቶቡስ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሌላውን የገቢ ምንጭ ለይቶ መጥራት አለበት።

ስብሰባ እንዲጠራ ያድርጉ

ወደ ኮሚቴ የተመራ ረቂቅ ሁሉ አይታይም። የትኛው እንደሚታይ የሚወስኑት ሰብሳቢው ናቸው። በ2025 የተወካዮች ምክር ቤቱን ትራንስፖርት ኮሚቴ ጄክ ፌይ፣ የሴኔቱን ማርኮ ሊያስ ይመሩ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ ሹመቱ ሊቀየር ስለሚችል ስሙን ድረ ገጹ ላይ ያረጋግጡ። ለሰብሳቢው የሚላከው ደብዳቤ አጭር ይሁን፦ የረቂቁን ቁጥር ይጥቀሱ፣ ስብሰባ እንዲያዝለት ይጠይቁ፣ ምክንያቱን በሦስት መስመር ይጨርሱ።

ከሰብሳቢው እኩል ክብደት ያላቸው የራስዎ እንደራሴዎች ናቸው። ስቴቱ 49 የምርጫ ወረዳዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች ይልካል። ስለዚህ ሦስት ሰዎች አሉዎት ማለት ነው። ደቡብ ምሥራቅ ሲያትል የሚኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ37ኛው፣ ቱክዊላ ያለ በ11ኛው፣ ሲታክ ያለ በ33ኛው ወረዳ ይገኛል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ የኮሚቴው አባል ከሆኑ ዕድለኛ ነዎት። በስልክ ቁጥር 1-800-562-6000 ደውለው ለሦስቱም በአንድ ጊዜ መልእክት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ስምና አድራሻ ይጠይቅዎታል።

ምዝገባው

ስብሰባው ሲጠራ በድረ ገጹ ላይ የመመዝገቢያ ቅጽ ይከፈታል። ቅጹ በየደረጃው የሚጠይቅዎ እንዲህ ነው፦

1. ኮሚቴውንና የስብሰባውን ቀን ይመርጣሉ፤ ከዚያ በዕለቱ ከሚታዩት ረቂቆች የእርስዎን ይነካሉ።
2. ከአራቱ አንዱን ይመርጣሉ፦ በአካል መናገር፣ ከርቀት በዙም መናገር፣ ጽሑፍ ማስገባት፣ ወይም ሳይናገሩ አቋምን ብቻ ማስመዝገብ።
3. «እደግፋለሁ»፣ «እቃወማለሁ» ወይም «ሌላ» የሚለውን ይጫናሉ። ረቂቁን በጥቅሉ ወደውት አንድ አንቀጽ ብቻ ካልተስማማዎ «እደግፋለሁ» ብለው አንቀጹን በንግግርዎ ቢያነሱ ይሻላል። «ሌላ» የሚለው ቁጥር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።
4. ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል ይሞላሉ። የሞሉት ነገር የሕዝብ መዝገብ አካል ይሆናል፤ ይህን አስበው ይሙሉ።

በዙም ለመናገርም ሆነ አቋም ለማስመዝገብ ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ቅጹ ይዘጋል። ጽሑፍ ለማስገባት ግን ስብሰባው ከተጀመረበት ሰዓት አንሥቶ 24 ሰዓት አለዎት። ሥራ ላይ ሆኖ ያመለጠው ሰው በዚህ ይካሳል።

በማኅበራዊ መገናኛ ጥሪ ስታስተላልፉ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፍ አትርሱ። የትራንስፖርት ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡት ከሰዓት በኋላ ነው። «ዐሥር ሰዓት» ብሎ የሚነገረው አንዱ በአበሻ ሰዓት አቆጣጠር በትክክል ሲረዳው፣ ሌላው የጠዋቱን ዐሥር ሰዓት ጠብቆ ባዶ ስክሪን ያያል። «በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት፣ ምዝገባ 3 ላይ ይዘጋል» ብሎ መጻፍ ምንም አያስቸግርም። ይህ ሰዓት አሽከርካሪ ጥሩ ገቢ የሚያገኝበት መሆኑ የሚያሳዝን ነው፤ በዚህም ምክንያት ዙሙ ለእኛ ከጉዞው ይልቅ ያዋጣል።

እንግሊዝኛ የሚከብድዎ ከሆነ የኮሚቴውን ጽሕፈት ቤት ቢያንስ ከጥቂት ቀናት በፊት ስለ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በዕለቱ መጠየቅ ለማንም አይጠቅምም። አማራጩ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። ማንበብ ነውር አይደለም፤ የተቀጠሩ ጉዳይ አስፈጻሚዎችም ያነባሉ።

ሁለት ደቂቃው

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥዎ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ተናጋሪ ሲበዛ አንድ ይሆናል። እኛ ደግሞ ሰላምታ እናበዛለን። እንደ ሠርግ ንግግር ከአያት ከቅድመ አያት የጀመረ ሰው ጉዳዩ ላይ ሳይደርስ ጊዜው አልቋል ይባላል። አንድ ናሙና ላሳይ። እንበልና ረቂቁ መተግበሪያ የተዘጋበት አሽከርካሪ ምክንያቱን የሚያውቅበትን ጊዜ የሚመለከት ነው፦

«ክቡር ሰብሳቢ፣ የኮሚቴው አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ። ለመዝገቡ፣ ስሜ እገሌ ነው፤ የምኖረው ቱክዊላ፣ 11ኛው ወረዳ ነው። በመተግበሪያ ተሳፋሪ አመላልሳለሁ። ረቂቁን እደግፋለሁ፤ ክፍል 3 እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። መተግበሪያዬ ዓርብ ማታ ተዘጋ። ምክንያቱ የተነገረኝ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ የሌላ ሰው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ቀናት የመኪናው ዕዳም ኢንሹራንሱም አልጠበቁኝም። ክፍል 3 ‹በተገቢው ጊዜ ውስጥ› ይላል። ‹በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ› እንዲባል እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ እመልሳለሁ።»

ይህ በዝግታ ተነቦ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ወረዳውን መጥቀሱ አንድ እንደራሴ ቀና ብለው እንዲያዩ ያደርጋል። ልመናው በክፍል ቁጥርና በተተኪ ቃል ተለይቷል፤ ባለሙያው ያንኑ ወስዶ የማሻሻያ ሐሳብ ማርቀቅ ይችላል። «አሽከርካሪዎች ተበድለናል፣ ፍትሕ እንፈልጋለን» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ወደ ሕግ ቋንቋ የሚለወጥ ነገር የለውም።

በቡድን ስትመጡ አንድ ዓይነት ነገር የሚደግሙ ዐሥር ሰዎች አታሰልፉ። አንዱ ከሜትር ታክሲ ዘመን ጀምሮ የነዳ ጋሼ ይሁን፣ ሁለተኛዋ ማታ የምትነዳ እናት፣ ሦስተኛው የክፍያ ደረሰኙን ይዞ ቁጥር የሚያስረዳ። ሌሎቻችሁ አቋማችሁን አስመዝግቡ። የተቃዋሚው ወገን ምን እንደሚልም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ጥያቄው ከኮሚቴው መምጣቱ አይቀርም። ለማታውቁት ጥያቄ «አጣርቼ በጽሑፍ እልካለሁ» ማለት ትልቅ መልስ ነው፤ ከዚያም በእርግጥ መላክ።

በዕለቱና ከዚያ በኋላ

በአካል የሚሄዱ ከሆነ ከሲያትል ኦሎምፒያ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በታኮማ በኩል ያለውን መጨናነቅ አስበው ይነሱ። የተወካዮቹ ኮሚቴዎች በጆን ኦብራየን ሕንፃ፣ የሴኔቱ በጆን ቸርበርግ ሕንፃ ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢው የረቂቆቹን ቅደም ተከተል እንደ ፈቃዳቸው ስለሚለዋውጡ የእርስዎ የመጨረሻው ሆኖ ቢያመሽ አይገረሙ። ማጨብጨብ፣ መጮኽ፣ ባነር ከፍ ማድረግ አይፈቀድም። ስብሰባው የስቴቱን መንግሥት ሥራ በሚያሳየው ቲቪደብልዩ በተባለ ጣቢያ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ተቀድቶም ይቀመጣል፤ ከመሄድዎ በፊት አንድ የቆየ ስብሰባ ከፍተው ቢያዩ የክፍሉ ወግ ይገባዎታል።

የምስክርነቱ ስብሰባ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ድምፅ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በሌላ ቀን፣ ኮሚቴው ማሻሻያዎችን አይቶ በሚወስንበት ስብሰባ ነው፤ እዚያ ማዳመጥ እንጂ መናገር የለም። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀናት ወርቅ ናቸው። ያቀረቡትን ሐሳብ ለሰብሳቢው፣ ለኮሚቴው ባለሙያና ለራስዎ እንደራሴ የሚልኩት ያኔ ነው። አንድ እንደራሴ ማሻሻያውን በስማቸው ካላቀረቡት፣ የእርስዎ ንግግር መዝገብ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ኮሚቴው ካሳለፈው በኋላ ረቂቁ የትኛው ወደ ጉባኤ እንደሚወጣ ወደሚመርጠው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ይገባል። በተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤው፣ በሴኔት ምክትል ገዥው ይመሩታል። ብዙ ረቂቅ ድምፅ ሳይሰጥበት እዚህ ይቀራል፤ እንደራሴዎን «ቁጥሩን አውጡልን» ብሎ መወትወት የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለቱም ምክር ቤቶች ካጸደቁት ገዥው ጋር ይሄዳል። ስብሰባው ገና ሲካሄድ የደረሳቸውን በአምስት ቀን፣ መጨረሻ ላይ የደረሳቸውን በ20 ቀን ውስጥ፣ እሑድ ሳይቆጠር፣ ይፈርማሉ ወይም ይሽራሉ።

አዲስ ሕግ በተለመደው ሥርዓት የሚጸናው ስብሰባው ከተዘጋ ከ90 ቀን በኋላ ነው፤ ሕጉ ራሱ ሌላ ቀን ሊወስን ይችላል። ከዚያ በኋላም ዝርዝሩን የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አለ። የአሽከርካሪዎቹን ክፍያ የሚያስፈጽመው የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መምሪያ ነው፤ በማይልና በደቂቃ የሚከፈለው ዝቅተኛ ክፍያም በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር እየተስተካከለ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሠራል። መምሪያው የማስፈጸሚያ ደንብ ሲያረቅ እሱም የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። የዚያን ማስታወቂያ በኢሜይል እንዲደርስዎ በመምሪያው ድረ ገጽ ላይ ይመዝገቡ፤ ወደ እሱ ስብሰባ የሚመጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ በሰፊው ይሰሙዎታል።